ሪሚኒን በየወቅቱ፦ መቼ ልሂድ፣ የት ልረፍ፣ እንዴት ልዘጋጅ

ሪሚኒ ጣልያን ውስጥ በአድሪያቲክ ባህር ዳር ያለች ከተማ ናት፣ ኤሚሊያ ሮማኛ ሚባለው ክልል ውስጥ፣ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ሚረዝም አሸዋ አላት፣ ከአሸዋው ጀርባ ደግሞ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የቆመ አሮጌ ከተማ። ብዙ ሰው ሲያቅድ ከሆቴል ይጀምራል፣ ዋጋው ደህና የሆነውን ቡክ ያደርግና ወቅቱን ሚያስበው ከዛ በኋላ ነው። እኔ ምመክረው ተቃራኒውን ነው፣ መጀመሪያ ቀኑን ቁረጡ፣ ሆቴሉም ቪዛውም ሻንጣውም ከቀኑ በኋላ ይመጣል። ኦገስት ላይ አሸዋው በጃንጥላ ተሸፍኖ መራመጃ ሚጠፋበት ሰፈር ፌብሩዋሪ ላይ ሆቴሉ ሁሉ ተዘግቶ፣ ካፌው ወንበሩን ሰብስቦ፣ ጭጋግ ወርዶበት ነው ምታገኙት። ሁለቱም ሪሚኒ ነው፣ ግን ለአንዱ ተዘጋጅታችሁ ሌላው ላይ ብትደርሱ ገንዘባችሁም ዕረፍታችሁም ያሳዝናል።

ወሮቹን በፈረንጅ እጠራለሁ ምክንያቱም ቡኪንግ ስታደርጉ እሱን ነው ምታዩት፣ ሰዓቱን ግን በኛ አቆጣጠር ነው ምናገረው።

ደረጃ 1፦ ወቅቱን ምረጡ

ጁላይና ኦገስት ዋናው ሲዝን ነው። ሙቀቱ ቀን ላይ 28 እና 29 ዲግሪ ይገባል፣ አንዳንድ ሳምንት ከዛም ያልፋል፣ ባህሩ ራሱ 25 ዲግሪ ገደማ ስለሚሆን ሰውነት ሳይደነግጥ ነው ሚገባው። ሁሉም ነገር ክፍት ነው፣ ማታ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ልጆች እስከ እኩለ ለሊት ከቤተሰብ ጋር አይስክሬም ይዘው ሲሄዱ ታያላችሁ። ሞቅ ያለ ነገር ለሚወድ ሰው ጥሩ ጊዜ ነው። ዋጋው ግን የዓመቱ ከፍተኛው ነው፣ በተለይ ፌራጎስቶ ሚሉት ኦገስት 15 ያለበት ሳምንት። በዛን ቀን ጣልያን አገር ስራ ሚባል ነገር የለም፣ ከተማው ሁሉ ወደ ባህር ነው ሚወጣው። በዓሉ የእመቤታችን ዕርገት ነው፣ እኛ ነሐሴ 16 ምናከብረው ማለት ነው፣ በቀን አቆጣጠር ግን የነሱ 15 የኛ ነሐሴ 9 ላይ ስለሚውል ፍልሰታ ጾም መሃል ይገባል። ጾም ለምትጾሙ ይሄን ቀድማችሁ አስቡበት፣ ስለ ምግቡ ታች እመለስበታለሁ። ሌላው ደግሞ ከኦገስት 20 ገደማ ጀምሮ ባለው ሳምንት ሚቲንግ ሚባል ከ1980 ጀምሮ ሚካሄድ ትልቅ ጉባኤ በከተማው የኤግዚቢሽን ማዕከል አለ፣ ያኔም ሆቴል ይጣበባል።

ጁን እኔ በጣም ምወደው ወር ነው፣ በተለይ ሁለተኛው ግማሽ። ባህሩ 22 ዲግሪ አካባቢ ደርሷል፣ እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ድረስ ብርሃን አለ፣ ሆቴሎቹ ተከፍተዋል ግን ገና የጁላይን ዋጋ አልጀመሩም። የጣልያን ትምህርት ቤቶች ሚዘጉት ጁን መጀመሪያ አካባቢ ስለሆነ ከዛ በፊት ባለው ሳምንት ባህሩ ዳር ፀጥ ይላል። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቁ፣ ሜይ መጨረሻ ወይ ጁን መጀመሪያ ላይ ሪሚኒ ዌልነስ ሚባል ትልቅ የስፖርትና የፊትነስ ኤግዚቢሽን ስላለ በነዛ ቀናት ብቻ ሆቴሉ በድንገት ይሞላል ዋጋውም ይዘላል።

ሴፕቴምበር ልጅ ለሌለው ወይም ልጆቹ ትምህርት ላልጀመሩ ሰው ከሁሉም ይሻላል ባይ ነኝ። ባህር እንደ አየር ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ በጋውን ሙሉ የሰበሰበውን ሙቀት ይዞ ይቆያል፣ ስለዚ የሴፕቴምበር መጀመሪያ ውሃ ከጁን መጀመሪያ ውሃ ይሞቃል፣ ዋጋው ግን ወርዷል። ከኢትዮጵያ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ለምትመጡ ደግሞ እቺ ነጥብ ትጠቅማችኋለች፦ እኛ አገር ትምህርት ሚከፈተው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ስለሆነ ከኦገስት 26 ገደማ እስከ ሴፕቴምበር 8 ያለው ጊዜ ለናንተ ነፃ ነው፣ ለሆቴሎቹ ደግሞ ዋጋ ሚቀንሱበት ነው። ከዛ ወዲያ ግን ካላንደር እዩ። ከሪሚኒ ትንሽ ወረድ ብሎ ሚዛኖ ሚባል ቦታ የሞተር ሳይክል ውድድር ሜዳ አለ፣ የሞቶ ጂፒ ውድድር ሴፕቴምበር ላይ እዛ ይካሄዳል፣ ብዙ ጊዜም ከእንቁጣጣሽ ሰሞን ጋር ይገጣጠማል፣ ያን ሳምንት መጨረሻ አካባቢው በሙሉ በሞተረኛ ይሞላል። ውድድሩን ለምትወዱ ደስ ይላል፣ ካልሆነ ግን ቀኑን አይታችሁ አምልጡ።

ኤፕሪልና ሜይ ለመራመድ፣ ለሳይክል፣ ለአሮጌው ከተማ ነው። ሜይ ላይ ቀኑ 20 ዲግሪ ያልፋል ውሃው ግን ገና 18 ነው፣ የጀርመን ሰዎች ይገባሉ፣ እኛ ግን እንዳንዋሽ እግራችንን ነክረን ነው ምንወጣው። በፈረንጅ ፋሲካ ሰሞን ብዙ ሆቴሎች ለጥቂት ቀን ስለሚከፈቱ ሰው ይበዛል፣ ከዛ እንደገና ፀጥ ይላል።

ኦክቶበርና ኖቬምበር ባህሩ ዳር ለመዋኘት ለመጣ ሰው አልመክርም። ዝናብ አለ፣ ኖቬምበር ላይ ጭጋጉም ይጀምራል። ሰው ሚመጣው ለኤግዚቢሽን ነው፣ ኦክቶበር ላይ የቱሪዝም ቲቲጂ አለ፣ ኖቬምበር ላይ የአካባቢ ጥበቃና የአረንጓዴ ቴክኖሎጂ ኤኮሞንዶ አለ። ጃንዋሪ ላይ ደግሞ ሲጄፕ ሚባለው የአይስክሬም፣ የኬክና የቡና ኤግዚቢሽን ይካሄዳል። በቡና ንግድ ላይ ላላችሁ ይሄ የምር ጉዳይ ነው፣ የ2014 የዓለም ባሪስታ ሻምፒዮናም የተካሄደው ሪሚኒ ነበር። ለነዚ ቀናት ምትመጡ ከሆነ ሆቴል ከወራት በፊት ያዙ፣ ባህሩ ዳር ሳይሆን ባቡር ጣቢያው አካባቢ ያዙ፣ በኤግዚቢሽን ቀን ባቡሩ ሪሚኒ ፊየራ ሚባል የራሱ ማቆሚያ ላይ በር ድረስ ያደርሳችኋል።

ዲሴምበር ሌላ መልክ አለው። የፈረንጅ ገና ሰሞን አሸዋው ላይ ከአሸዋ የተቀረፀ የልደት ትዕይንት ያሠራሉ፣ ጌታ የተወለደበት በረት፣ እረኞቹ፣ ሰብአ ሰገል፣ ሁሉም በአሸዋ፣ እና ባህሩ ዳር ቆሞ እሱን ማየት ለክርስቲያን ሰው ልብ ይነካል። ብርድ ነው ግን፣ ሙቀቱ ቀን ላይ 8 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ማታ ወደ 0 ይጠጋል፣ ያውም በእርጥበት።

ደረጃ 2፦ ቪዛ ወይም ወረቀት

እዚ ላይ ወቅቱ ነው ሚወስነው ያልኩት በደንብ ይታያል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የሸንገን ቪዛ (ጣልያንን ጨምሮ ለብዙ የአውሮፓ አገሮች በጋራ ሚያገለግለው) ያስፈልገዋል፣ ማመልከት ሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ነው፣ ቢዘገይ ደግሞ 15 ቀን ሲቀረው። 15 ቀን ግን ህጉ ላይ ያለ ነው እንጂ በጋ ሲደርስ አፖይንትመንት ራሱ ቶሎ አይገኝም፣ ስለዚ ለሴፕቴምበር ጉዞ ኤፕሪል ወይ ሜይ ላይ ጀምሩ። የአዋቂ ክፍያ 90 ዩሮ ነው፣ ከ6 እስከ 11 ዓመት ላለ ልጅ 45፣ ከ6 ዓመት በታች ነፃ። ቢያንስ 30,000 ዩሮ ሚሸፍን የጉዞ ህክምና ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ከዛ የባንክ ስቴትመንት፣ የስራ ደብዳቤ ከፈቃድ ጋር፣ የሆቴል ቡኪንግና የጉዞ ፕላን። ሆቴሉን ነፃ መሰረዝ በሚፈቅድ አማራጭ ያዙ፣ ቪዛ ሳይወጣ የማይመለስ ገንዘብ አትክፈሉ፣ ይሄን አደራ እላለሁ። ፕላኑም ከወቅቱ ጋር ይስማማ፣ ለጃንዋሪ ያመለከተ ሰው "ለመዋኘት ነው" ብሎ ቢጽፍ ጥያቄ ያስነሳል፣ ኤግዚቢሽን ከሆነ ኤግዚቢሽን ብላችሁ የመግቢያ ትኬቱን አያይዙ።

ውጭ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ እዚ ላይ ብዙ ግራ መጋባት አለ። ጀርመን፣ ስዊድን፣ ሆላንድ ምናምን የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ ተጨማሪ ቪዛ አያስፈልጋችሁም፣ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ትችላላችሁ፣ ፓስፖርቱንም ፈቃዱንም ሁለቱንም ያዙ። የአሜሪካ ግሪን ካርድ ግን ለሸንገን አያገለግልም፣ የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድም እንደዛው፣ ፓስፖርታችሁ የኢትዮጵያ ከሆነ ማመልከት አለባችሁ። ዱባይ፣ ሪያድ፣ ቤይሩት ያላችሁ ህጋዊ መኖሪያ ካላችሁ እዛው ባለው የጣልያን ቆንስላ በኩል ነው ምታመለክቱት፣ አዲስ አበባ መመለስ አይጠበቅባችሁም። የእስራኤል ወይ የአሜሪካ ፓስፖርት ያለው ለአጭር ጉብኝት ቪዛ አይጠየቅም።

ደረጃ 3፦ መንገዱ

ሪሚኒ የራሷ ኤርፖርት አላት፣ በፊልም ዳይሬክተሩ በፌዴሪኮ ፌሊኒ ስም የተሰየመ፣ ግን በረራው ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሰው ሚገባው በቦሎኛ ከተማ ነው። ከቦሎኛ ኤርፖርት ማርኮኒ ኤክስፕረስ ሚባል ከፍ ባለ ሀዲድ ላይ ሚሄድ ባቡር በ7 እና በ8 ደቂቃ ውስጥ ዋናው ባቡር ጣቢያ ያደርሳችኋል፣ ከዛ ሪሚኒ በፈጣኑ ባቡር 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ በሬጆናሌ ሚባለው መደበኛው ባቡር ከዛ ትንሽ ይረዝማል ግን ዋጋው ቀላል ነው። ከዱባይ በኤምሬትስ፣ ከአዲስ በኢስታንቡል አድርጎ በተርኪሽ ቦሎኛ መግባት ይቻላል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ደግሞ ሮምና ሚላን ነው ሚያርፈው። በኔ ግምት ሪሚኒ ብቻ ከሆነ ጉዳያችሁ ሚላን ይሻላል፣ ከሚላን ማዕከላዊ ጣቢያ ሪሚኒ በፈጣን ባቡር 2 ሰዓት አካባቢ ነው። በሮም ከመጣችሁ ግን ከፊዩሚቺኖ ኤርፖርት ሊዮናርዶ ኤክስፕረስ በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ ሚባለው የሮም ዋና ባቡር ጣቢያ ያገባችኋል፣ ከዛ በቦሎኛ በኩል ቀይራችሁ ትሄዳላችሁ፣ ግማሽ ቀን ይወስዳል፣ ሁለት ቀን ሮም ለማደር ካሰባችሁ ግን ጥሩ ምክንያት ነው። የፈጣን ባቡር ትኬት እንደ አውሮፕላን ቀኑ ሲቀርብ ይወደዳል፣ ቀደም ብላችሁ ግዙ። የሬጆናሌው ግን ዋጋው ያው ስለሆነ የዛኑ ቀን መግዛት ይቻላል፣ የወረቀት ትኬት ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት ጣቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ማሽን ውስጥ አስገብታችሁ አስመቱት፣ ያልተመታ ትኬት ቅጣት አለው፣ የውጭ ሰው ነኝ ማለት አያድንም።

መኪና ለምትከራዩ፦ አሮጌው ከተማ ውስጥ ዜታ ቲ ኤል ሚሉት ክልል አለ፣ ፈቃድ የሌለው መኪና ሲገባ ካሜራ ያነሳውና ቅጣቱ ከወራት በኋላ በኪራይ ድርጅቱ በኩል ቤታችሁ ይመጣል። ለሪሚኒ ብቻ መኪና አያስፈልግም ነው ምለው። ባህሩን ተከትሎ እስከ ጎረቤት ከተማዋ ሪቾኔ ሚሄድ 11 ቁጥር አውቶቡስ አለ፣ ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ሜትሮማሬ ሚባል የራሱ መንገድ ያለው አውቶቡስ ከሪሚኒ ጣቢያ ሪቾኔ ጣቢያ ይመላለሳል።

ደረጃ 4፦ የት ሰፈር

ከተማዋን በወደቡ ለሁለት ክፈሏት። ከወደቡ በስተደቡብ መጀመሪያ ማሪና ቼንትሮ ነው፣ በ1908 የተከፈተው ግራንድ ሆቴል ያለበት፣ መሃል ላይ ስለሆነ ከአሮጌው ከተማም ከባህሩም በእግር ነው፣ ዋጋው ግን ጠንከር ይላል። ከዛ ወደታች ቤላሪቫ፣ ማሬቤሎ፣ ሪቫዙራ፣ ሚራማሬ እያለ ይቀጥላል፣ ርካሽ የቤተሰብ ሆቴሎች በብዛት ያሉት እዚ ነው፣ አሸዋውም ሰፊ ነው። በስተሰሜን ሪቫቤላ፣ ቪዘርባ፣ ቪዘርቤላ፣ ቶሬ ፔድሬራ አሉ፣ አሸዋው ጠበብ ይላል ግን ባህሩ ውስጥ ድንጋይ ተደርድሮ ማዕበሉን ስለሚሰብረው ውሃው ረጋ ያለ ነው፣ ትንሽ ልጅ ላላችሁ ወይ ፀጥታ ለምትፈልጉ እዚ አርፉ።

ሆቴል ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ። አንደኛ ዓመቱን ሙሉ ነው ሚሠራው ወይስ በሲዝን ብቻ፣ ምክንያቱም ከኦክቶበር እስከ ማርች የባህሩ ዳር ሆቴል አብዛኛው ዝግ ነው፣ ክፍት የሆነውም አንዳንዱ ማሞቂያው ደካማ ሊሆን ይችላል፣ በክረምት አሮጌው ከተማ ውስጥ ወይ ጣቢያው አካባቢ ማረፍ ነው ሚያዋጣው። ሁለተኛ ምግብ። ሪሚኒ ውስጥ ሆቴሎች ቁርስ ብቻ፣ ቁርስና ራት፣ ወይም ሦስቱንም ጊዜ ምግብ ያቀርባሉ። ብዙ ቤተሰብ ሆናችሁ ጁላይና ኦገስት ላይ ከመጣችሁ ሙሉ ምግብ ያለበት ብዙ ወጪ ይቀንሳል፣ ግን ራት በሰዓቱ ነው፣ 1 ሰዓት ተኩል ተብሎ ከሆነ 1 ሰዓት ተኩል ነው፣ 3 ሰዓት ላይ መጥቶ ምግብ አለ ወይ ማለት አይሠራም። ከሆቴሉ ዋጋ ውጪ በየሰው በየሌሊቱ ሚከፈል የከተማ ታክስም አለ፣ እንደ ሆቴሉ ኮከብ ይለያያል፣ ኦንላይን ብትከፍሉም ይሄን ብዙ ጊዜ ሆቴሉ ላይ ነው ሚጠይቋችሁ።

ደረጃ 5፦ አሸዋው ላይ ነገሩ እንዴት ነው

መጀመሪያ ለሚሄድ ሰው ይሄ ግር ይላል። ባህሩ ዳር የመንግስት ነው፣ ግን አብዛኛው ለባንዮ ለሚባሉ ድርጅቶች በኮንትራት ተሰጥቷል፣ እያንዳንዱ ባንዮ ቁጥር አለው፣ ሰውም "የት ነህ" ሲባል ቁጥሩን ነው ሚናገረው። ባንዮው ጃንጥላና ተንጋላይ ወንበር ያከራያል፣ ሻወር፣ ልብስ መቀየሪያና የልጆች መጫወቻ አለው። ለውሃው ቅርብ የሆነው መጀመሪያ ረድፍ ከሁሉም ይወደዳል፣ ወደኋላ እየሄደ ይቀንሳል። ብዙ ሆቴሎች ከአንድ ባንዮ ጋር ስምምነት ስላላቸው ቡክ ከማድረጋችሁ በፊት ጃንጥላው ዋጋው ውስጥ ይገባል ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ለሳምንት ሲሰላ ቀላል ገንዘብ አይደለም። መክፈል ካልፈለጋችሁ ስፒያጃ ሊቤራ ሚባል ነፃ አሸዋ አለ፣ ትልቁ ወደቡ አጠገብ ነው፣ ሚራማሬ ጫፍ ላይም አለ፣ የራሳችሁን ፎጣና ጃንጥላ ይዛችሁ ትሄዳላችሁ። ውሃው ዳር ባለው 5 ሜትር ላይ ግን ማንም ሰው የማንም ባንዮ ፊት ቢሆን መራመድና ወደ ባህር መግባት መብቱ ነው፣ እንዳትሸማቀቁ፣ ፎጣ አንጥፎ መተኛት ነው ያልተፈቀደው።

የሪሚኒ ባህር ዳሩ ጥልቅ አይደለም፣ ብዙ እርምጃ ተጉዛችሁም ውሃው ወገብ ላይ ነው፣ ዋና ለማያውቅ ሰው ደግሞ ከኛ መሃል ዋና ሳይማር ያደገ ብዙ ስለሆነ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ሪሚኒን ለቤተሰብ ምመክርበት ዋናው ምክንያትም እሱ ነው። ቢሆንም ልጅ ላይ ዓይናችሁን አታንሱ። በሲዝኑ የነፍስ አድን ሠራተኞች ማማቸው ላይ አሉ፣ ነጭ ባንዲራ ከተሰቀለ ደህና ነው፣ ቀይ ከሆነ አትግቡ። ምሳ ሰዓት ላይ ጥበቃው ሊሳሳ ስለሚችል ከልጅ ጋር ያኔ ባትገቡ ጥሩ ነው። ከባድ ዝናብ ከዘነበ በኋላ ደግሞ ለአንድ ሁለት ቀን መዋኘት ሚከለክል ምልክት ሊለጠፍ ይችላል፣ "ዲቪየቶ ዲ ባልኔአዚዮኔ" ይላል፣ የዝናብ ውሃ ከከተማው ጋር ወደ ባህር ስለሚወርድ ነው፣ ሌላው ሰው ገባ ብላችሁ አትግቡ።

አሸዋው ላይ እየዞሩ ቦርሳና መነፅር ሚሸጡ ሰዎች አሉ፣ ብዙዎቹ ከአፍሪካና ከእስያ የመጡ ኑሮ ሚታገሉ ወንድሞች ናቸው፣ በአክብሮት አናግሯቸው። የታዋቂ ብራንድ ኮፒ መግዛት ግን ጣልያን ውስጥ ገዢውንም እስከ 7,000 ዩሮ ያስቀጣል።

አንድ ልጨምር፣ ሪሚኒ ፊቷን ወደ ምስራቅ ስለሰጠች ፀሐይ ከባህሩ ውስጥ ነው ምትወጣው። ጁን ላይ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ አንድ ቀን ተነስታችሁ ወደቡ ላይ ያለው ረጅም የድንጋይ መሄጃ ጫፍ ድረስ ሂዱ።

ደረጃ 6፦ ምግብ፣ በተለይ ለጾመኛ

የአካባቢው እንጀራ ፒያዲና ነው፣ ስስ ቂጣ፣ ብረት ምጣድ ላይ ተጋግሮ ውስጡ አይብ፣ ሥጋ ወይ አትክልት ተደርጎ ታጥፎ ይሰጣል፣ መንገድ ዳር ካሉ ትናንሽ ኪዮስኮች ትገዛላችሁ፣ ከቁጭ ብሎ ምሳ በጣም ይረክሳል። ስኳክዌሮኔ ሚሉት ለስላሳ አይብና ሩኮላ ሚባል ቅጠል ያለበትን ሞክሩ፣ እኛ አገር አይብ በጎመን ለለመደ ሰው ባዕድ አይሆንበትም።

ግን ልብ በሉ፣ ባህላዊው ፒያዲና ሊጡ ራሱ በአሳማ ስብ ነው ሚቦካው። ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች፣ ኦርቶዶክሶችም፣ አይሁዶችም፣ አትክልት ብቻ አዝዣለሁ ብላችሁ አትዘናጉ፣ ቂጣው ውስጥ አለ። መፍትሄው ቀላል ነው፣ በወይራ ዘይት ሚሠራም አለ፣ ስታዙ "አል ኦሊዮ፣ ሴንሳ ስትሩቶ" በሉ፣ ይረዷችኋል፣ ለጤናው ሲል ራሱ ጣልያኑም ይጠይቃል። ለጾም ጊዜ በዘይት የተሠራ ፒያዲና ከተጠበሰ አትክልት ጋር፣ ማሪናራ ፒዛ (አይብ የሌለው፣ ቲማቲምና ነጭ ሽንኩርት ብቻ)፣ ፓስታ በቲማቲም ሳይጨመርበት አይብ፣ እነዚ የትም ታገኛላችሁ። የአካባቢው ፓስታ ግን አብዛኛው በእንቁላል ስለሚሠራ ደረቁን ስፓጌቲ ጠይቁ፣ ስትሮዛፕሬቲ ሚባለው አብዛኛውን ጊዜ በውሃና በዱቄት ብቻ ነው ግን ጠይቁ። ለማይጾም ሰው የአድሪያቲክ ዓሣ አለ፣ በየወደቡ ትኩስ ሰርዲን የተጠበሰ ይሸጣል፣ አያምልጣችሁ።

ደረጃ 7፦ ከአሸዋው ውጪ ቀናችሁን እንዴት ትከፋፍሉ

አምስት ሌሊት ካላችሁ በበጋ ሦስቱን ለባህር፣ አንዱን ለአሮጌው ከተማ፣ አንዱን ለሳን ማሪኖ ስጡ። በሌላ ወቅት ገልብጡት።

አሮጌው ከተማ ከባህሩ በእግር 20 ደቂቃ አካባቢ ነው፣ ይገርመኛል ሳምንት ሙሉ ቆይተው ሳያዩት ሚመለሱ ሰዎች አሉ። ሮማውያን ከተማዋን የመሠረቱት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ268 ነው፣ አሪሚኑም ብለው። የአውግስጦስ በር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ27 የተሠራ ነው፣ ከሮም ሚመጣው የፍላሚኒያ መንገድ እዚ ነው ሚያልቀው። ከበሩ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ብትሄዱ ሌላኛው ጫፍ ላይ የጢባርዮስ ድልድይ ታገኛላችሁ፣ አምስት ቅስት አለው፣ በ14 ዓ.ም. በአውግስጦስ ተጀምሮ በ21 ዓ.ም. በጢባርዮስ ነው ያለቀው። ጌታችን ሲያስተምር ነግሦ የነበረው ጢባርዮስ ቄሣር፣ ወንጌሉ ላይ ስሙን ምናነበው ሰውዬ ማለት ነው፣ እና እስከ ዛሬ ሰው ይራመድበታል። ድልድዩን ተሻግራችሁ ቦርጎ ሳን ጁሊያኖ ግቡ፣ የድሮ ዓሣ አጥማጆች ሰፈር ነው፣ ጠባብ መንገድ፣ ቤቶቹ ግድግዳ ላይ ሥዕል። ከዛ ወደ መሃል ስትመለሱ ፒያሳ ፌራሪ ላይ የሀኪሙ ቤት አለ፣ በ1989 የተገኘ የሮማ ዘመን ቤት፣ በ3ኛው ክፍለ ዘመን በእሳት ሲወድም የቀዶ ጥገና መሣሪያዎቹ ውስጡ ቀርተው ነው የተገኙት። ህክምና ላይ ያላችሁ እዚ ጊዜ ስጡት። ፌዴሪኮ ፌሊኒ በ1920 እዚ ከተማ ነው የተወለደው፣ በ2021 የተከፈተው ሙዚየሙም ካስቴል ሲስሞንዶ ግንብ ውስጥ ነው። ሰኞ ሰኞ ሙዚየም ብዙው ዝግ ስለሆነ ሰኞን ለባህር ተዉት፣ ረቡዕና ቅዳሜ ደግሞ መሃል ከተማው ላይ ገበያ ይቆማል።

ሳን ማሪኖ ተራራ ላይ ያለች ራሷን የቻለች ትንሽ አገር ናት፣ ከሪሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አውቶቡስ አለ፣ 50 ደቂቃ ገደማ። ድንበር ላይ ፍተሻ የለም፣ ፓስፖርት ግን ያዙ። ሦስቱን ግንቦች እየተራመዳችሁ ስታዩ ባህሩ እስከ ታች ይታያል፣ ግን ጭጋግ በወረደበት ቀን ምንም አይታይም፣ ስለዚ ቀኑን ቀድማችሁ አትወስኑ፣ ጠዋት ተነስታችሁ ሰማዩ ጥርት ካለ ሂዱ። ለዝናብ ቀን ደግሞ ራቬና አለች፣ በባቡር 1 ሰዓት ገደማ፣ ከ5ኛውና ከ6ኛው ክፍለ ዘመን የቀሩ የሞዛይክ ሥዕሎች ያሉባቸው ቤተ ክርስቲያኖች ናቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ያንን ወርቅና ሰማያዊ ሲያይ ዝም ብሎ አያልፈውም።

ደረጃ 8፦ ሻንጣና መመለሻ

በበጋ የፀሐይ ክሬም (ጥቁር ቆዳም ይቃጠላል)፣ የትንኝ መከላከያ፣ ለቤተ ክርስቲያን መግቢያ ትከሻና ጉልበት ሚሸፍን ነጠላ ነገር። ኤፕሪል፣ ሜይና ኦክቶበር ላይ ጃኬትና ጃንጥላ፣ ባህሩ ዳር ነፋስ አለ። በክረምት ወፍራም ካፖርትና ውሃ ማያስገባ ጫማ።

የመመለሻ ቀናችሁ ጁላይ ወይ ኦገስት ላይ ቅዳሜ ወይ እሁድ እንዳይሆን ሞክሩ። ኤ14 ሚባለው የመኪና መንገድ በነዚ ቀናት ይጨናነቃል፣ ሳምንታዊ ተከራይ ሁሉ አንድ ላይ ነው ሚወጣው። ግዴታ ከሆነ አውቶቡሱን ትታችሁ ባቡር ያዙ፣ ከበረራው 5 ሰዓት ቀድማችሁ ከሪሚኒ ውጡ፣ መቀመጫ ያለው ትኬትም ከሳምንታት በፊት ግዙ። ሆቴል ብዙ ጊዜ 4 ሰዓት ላይ ክፍሉን ልቀቁ ይላል፣ በረራችሁ ማታ ከሆነ ሻንጣችሁን እዛው አስቀምጠው ባንዮው ላይ ሻወር ይፈቅዱላችኋል፣ ከአንድ ቀን በፊት ሪሴፕሽን ላይ ጠይቁ።